እርጥብ እጅጌ

ያን ጊዜ አሰላ ውስጥ ባለመኪና የሚባሉት ሰዎች በጣት ይቆጠሩ ነበር፤ መኪናቸው የሚሄድላቸው ደግሞ ከዚያም ያንሱ ነበር። ጣልያን ጥሎት የሄደውን ብረት ገዝቶ፣ ጠጋግኖና ቀለም ቀብቶ ባለመኪና መባል ምን ችግር አለው፤ ጉዱ የሚመጣው ዳገት ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች ጉዳይ በሌላቸው ሰዓት ሁሉ ወለላ ሻይ ቤት ይሰበሰቡና ስለ ሞተር ያወራሉ። ሌላ ወሬ አያውቁም። ከመካከላቸው የአንዱ ሚስት ብትወልድ እንኳ «እንኳን ማርያም ማረቻት» ተብሎ ሻዩ ሳይበርድ ወደ ሞተር ዘይት ይገባል።

የወሬያቸው መደምደሚያ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሞተር በራሱ አይበላሽም፣ ያበላሸው ሰው አለ። ዘይት ቢጎድል ሹፌሩ ሸጦት ነው። ፒስተን ቢሰበር መካኒኩ አዲሱን አውልቆ አሮጌ ከቶበት ነው። ጎማ ቢተነፍስ ጎሚስታው ነገም እንዲመጣለት በጎን ወግቶት ነው። ይህ ሁሉ ካልሆነ ደግሞ ዓይን ነው። ብረትም እንደ ሰው ያረጃል የሚል ሰው እዚያ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ቢገባም አይሰሙትም።

የእህል ነጋዴው ሁሴኖ ከነሱ አንዱ ነው። የሱ መኪና ሕመሟ ይታወቃል፤ ትፈላለች። ሜዳ ላይ እንደ ሰጋር በቅሎ ትገሰግሳለች። ከዴራ ወደ ኢተያ የሚወጣው ዳገት ላይ ስትደርስ ግን አፍንጫዋ ይጨሳል፣ ውሃዋ ይንፈቀፈቃል፣ ከዚያ ቀጥ ነው። እህል ጭኖ መንገድ ላይ መቆም ምን እንደሆነ የቆመ ያውቀዋል።

«የሞተሩን ክዳን ጉርኒሲዮን አስቀየርኩ፣ የማራገቢያውን ቺንጋ አስቀየርኩ፤ እሷ እንደሆነ መፍላቷን አልተወችም» አለ አንድ ቀን ጠዋት።

«ራዲያተሩንስ አስከፍተህ አይተኸዋል?» አሉት ጋሽ ሀብተ ማርያም። እኚህ ሰው ከሁሉም የተሻለ መኪና ያላቸው፣ አባታቸው በምኒልክ ጊዜ ከሸዋ መጥተው የሰፈሩ፣ ነገር የማያበዙ ሽማግሌ ናቸው።

«ራዲያተር ምን ይሆናል?» አለ ከዲሮ ሁሴኖን ቀድሞ። «ውሃ እኮ ነው የሚገባበት። ውሃ ማንን ገድሎ ያውቃል?»

ከዲሮ አሰላና ሳጉሬ መካከል የምትመላለስ አንዲት አውቶቡስ አለችው። ሹፌር እንደ ሸሚዝ የሚቀያይር ሰው ነው። ሁሉንም የሚያባርራቸው ሌቦች ናቸው እያለ ነው፤ አንዱንም ሲሰርቅ ይዞት ግን አያውቅም። ሽማግሌው ሻያቸውን ጨርሰው ሲወጡ ወንበሩን ወደ ሁሴኖ ሳብ አደረገ።

«ራዲያተር፣ ራዲያተር ይሉሃል። መኪናህን ሽጥልኝ ብለውህ ነበር አይደል?»

«ከሰለቸችህ ለኔ ብለውኛል፤ አምና።»

«ሹፌርህን ዲሪባንስ እኔ ዘንድ ና እንዳሉት ታውቃለህ?»

ሁሴኖ አያውቅም ነበር። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ሞተር ሲሞት ዋጋው ይወርዳል» አለ ከዲሮ። «መኪናዋ ወደ አዲሱ ጌታ ስትሻገር ሹፌሩም አብሮ ይሻገራል። እኔ እንግዲህ ምንም አላልኩም።»

ከዲሮ ምንም አላልኩም ያለ ዕለት ነው ሁሉንም የሚለው። ሁሴኖም ቃሏን እንደ እሾህ ይዟት ወደ ቤቱ ሄደ።

ነገሩ እሾህ የሆነበት ምክንያት ነበረው። ዲሪባ ተራ ሹፌር አይደለም፤ የእህቱ የሀሊሜ ባል ነው። ሁሴኖ መኪናዋን በገዛ ጊዜ መሪ ጨብጦ የሚያምነው ሰው ማን ነው ቢባል መጀመሪያ የጠራው ስም የሱ ነው። መኪናዋ ደግሞ ዝም ብላ የተገዛች አይደለችም። አባቱ ሲሞት ትቶት የሄደው የከብት መንጋ ነው ተሽጦ እሷን የሆነው። እናቱ ራቢያ ያን መንጋ ጥጃ ጥጃውን በስም እየጠራች ያሳደገች ሴት ናት። ሲነዳ በር ላይ ቆማ አየች እንጂ አልተቃወመችም። ለራሷ ያስቀረችው ዳለቻ የምትባል አንዲት ላም ብቻ ነው። መኪናዋ ግቢ የገባች ዕለትም ግንባሯን ቅቤ ቀባቻት፣ እርጥብ ሣር አኖረችባትና «ከብቶቼ ሁሉ እዚህች ውስጥ ናቸው» አለች። ሰው ሳቀ። ሁሴኖ ግን አልሳቀም፤ እውነቷን ነበርና።

ለዳለቻ በየገበያው ቀን ከኦጎልቾ የሚመጡ ዘመዶች ሆራ ይጭኑላታል። ሆራ ማለት ከቆላው ምንጭ የሚቀዳ ጨዋማ ውሃ ነው። አርሲ ከብቱን ሆራ ሳያጠጣ አይከርምም፤ ያልጠጣ ከብት ይከሳል፣ ጠጉሩም ይቆማል ይላሉ። ራቢያ ያንን ውሃ በእንስራ አድርጋ ጓሮ ታስቀምጠዋለች። ከተማ ገብታም የከብት ወግ አልለቀቃትም።

ዲሪባ ጠዋት መኪናዋን ለማስነሳት ወደ ግቢው ሲመጣ ራቢያ በረንዳ ላይ ካለች በአጥሩ በኩል ዞሮ ነው የሚገባው። የአገሩ ደንብ ነው። አማች የሚስቱን እናት ስም ካፉ አያወጣም፣ ፊት ለፊት አያያትም፣ ስለሷም ክፉ አይናገርም። ዲሪባ ደግሞ ደንብ አጥባቂ ነው። የከተማ ልጆች «አማትህ መጣች» ብለው ሲያስደነግጡት ከመኪናዋ ኋላ ይደበቅ ነበር፤ ይኼም ለሁሴኖ ቤት መሳቂያ ሆኖ ኖሯል።

ከከዲሮ ወሬ በኋላ ግን ሁሴኖ የዲሪባን ነገር ሁሉ በሌላ ዓይን ያየው ጀመር። ጠርጣራ ዓይን ደግሞ የፈለገውን አያጣም። በገበያው ማግስት፣ ዓርብ ሊነጋጋ ሲል ለሱብሂ ሶላት ተነስቶ በሩን ቢከፍት ዲሪባ መኪናዋ ሥር ተጋድሟል። የሚፈስ ነገር ድምፅ ይሰማል።

«ምን ትሠራለህ?»

ዲሪባ ደንግጦ ጭንቅላቱን ከብረቱ ጋር አጋጨ። «ምንም። እያየኋት ነው።»

ወጥቶ እጁን ሲዘረጋለት የቀኝ እጅጌው እስከ ክርኑ ርሷል። ሁሴኖ ለሰላምታ ጎንበስ ያለ መስሎ አሸተተው። ናፍታ አይሸትም። ይኼ ሊያረጋጋው ሲገባ ጭራሽ አስጨነቀው። ናፍታ ቢሸት ሌባ ነው፤ የሌባ ነገር ይታወቃል። የማይሸት ነገር ግን ምን እንደሆነ ማን ያውቃል? በተከታዩ የገበያ ማግስትም ቢጠብቅ ያው ነው፤ ያው ጊዜ፣ ያው ቦታ፣ ያው እርጥብ እጅጌ። በሌሎቹ ቀናት ግን ዲሪባ መኪናዋ ሥር አይገባም። ቀን የሚመርጥ ሥራ ደግሞ ተንኮል ነው አለ ሁሴኖ በልቡ።

ወለላ ቤት ሄዶ ይኼንኑ አወራ። ባያወራ ጥሩ ነበር። ከዲሮ ራሱን ነቀነቀ። «አሲድ ይሆናል» አለ፤ አሲድ ምን እንደሚመስል አይቶ ሳያውቅ። ሁሴኖም እልህ ይዞት ከሰው መካከል «እህቴን ለሌባ ነው የዳርኩት» አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ለራሱም ደስ አላለውም፤ ግን ወጣ።

በዚያው ሰሞን መኪናዋ ዳገቱ ላይ እንደገና ቆመች። የጫነችው ስንዴ አሰላ ሳይደርስ ዝናብ መታው። ሁሴኖ ያን ዕለት ዲሪባን ግቢው መካከል አቆመው። ሀሊሜ እናቷን ልትጠይቅ መጥታ ነበር። ራቢያም በር ላይ ቆማለች። ዲሪባ እንደ ደንቡ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቷል።

«ወላሂ በል» አለው ሁሴኖ። «መኪናዋን ከመንዳት በቀር በሌላ አልነካኋት ብለህ ማልልኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ወሬው ያበቃል።»

ዲሪባ እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ማላ!»

«አልምልም።»

«ለምን?»

«ነክቻታለሁ። በሐሰት አልምልም።»

«ምን አደረግህባት?»

ዲሪባ ዓይኑን ወደ በሩ ላክ አድርጎ ወዲያው መለሰና መሬት መሬት ያይ ጀመር። ሁሴኖ ይኼን ዕፍረት ነው ብሎ ተረጎመው። ዕፍረትስ ዕፍረት ነበር፤ የማን እንደሆነ ነው ያልገባው።

«እንግዲያ ሌባ ነህ» አለው። «ለማን እንደምትሠራም አውቃለሁ።»

ዲሪባ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ የመኪናዋ አፍንጫ ላይ አስቀመጠ። «ከግቢ ከመውጣትህ በፊት ውሃዋን ድፋና ቀይርላት» አለው። ሌላ ቃል አልጨመረም። በአጥሩ በኩል ዞሮ ወጣ።

ሀሊሜ ነጠላዋን አጣፋች። ወንድሟን አየችውና ድምፅዋን ሳታሰማ «አንተ ወንድሜ ነህ፤ እሱ ግን ቤቴ ነው» አለችው። «ሌባ ያልከው ቤቴን ነው። ቃልህን ካላነሳህ ይኼን ደጃፍ አልረግጥም።» ባሏን ተከትላ ወደ አባቱ አገር ወደ ሳጉሬ ሄደች።

ራቢያ በር ላይ እንደቆመች «ከብቶቼን ወሰድክ፣ ዝም አልኩ» አለች። «ልጄንም ለዚህች ብረት ብለህ ሰደድክ። አሁንስ ምን ልበልህ?» ገብታ ተቀመጠች፤ ለብዙ ቀን ከልጇ ጋር የረባ ቃል አልተነጋገረችም።

ሁሴኖ ከናዝሬት ሹፌር አስመጣ። መጀመሪያ ያዘዘውም «ውሃዋን እንዳትቀይር፤ ከራዲያተሯ ጠብታ እንዳትደፋ» ብሎ ነው። ዲሪባ ቀይር ካለ መቀየሩ ላይ አንድ ነገር አለበት ማለት ነው። ተጠራጣሪ ሰው ሲመክሩት እንደዚህ ነው፤ ወደ ቀኝ ሂድ ካሉት ግራውን ይይዛል። ጋሽ ሀብተ ማርያም ራዲያተር ስላሉም ራዲያተሩን አላስከፈተም።

መኪናዋ በዲሪባ ጊዜ አልፎ አልፎ ነበር የምትፈላው፤ አሁን ግን ወደ ሮቤም ወደ ሳጉሬም ስትሄድ መፍላት ጀመረች። ሜዳውም ዳገት ሆነባት። ሁሴኖ ዲሪባ ያስቀመጠባት መርዝ ነው እያለ ራሱን አጽናና። በመጨረሻም አንድ ቀን እሱ ራሱ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ ከዴራ ሲወጡ ከሞተሩ ውስጥ ድንጋይ እንደተሰነጠቀ ያለ ድምፅ ተሰማ። እንፋሎቱ መንገዱን ሸፈነው። ሹፌሩ ዘሎ ወረደ። ሁሴኖ ግን አልወረደም። አባቱ ዕድሜ ልኩን የጠበቀው መንጋ እዚያው እጁ ላይ ሲያልቅ ነበር የታየው።

ከኋላ መጥቶ በሰንሰለት የጎተታቸው መኪና የጋሽ ሀብተ ማርያም ነው። ሽማግሌው ራሳቸው ነበሩ። ወደ አሰላ ሲሄዱ ሁሴኖ ከጎናቸው ተቀምጦ እንዴት እንደሚጠይቃቸው ሲያወጣ ሲያወርድ ቆየና «ጋሼ፣ መኪናዬን አሁንም ይፈልጓታል?» አላቸው።

«እኔ?» አሉ ሽማግሌው መንገዱን እያዩ። «ልጄ፣ አሁን በነፃ ብትሰጠኝም ግቢዬ አላስገባትም።»

«ዲሪባን እኔ ዘንድ ና ብለውት ነበር ሲባል ሰማሁ።»

«ብዬዋለሁ። ጎበዝ ሹፌር ሲያዩ ማን ዝም ይላል? የሁሴኖ እናት መኪና ናት፣ ጥያት አልሄድም አለኝ።» ፊታቸውን ወደ እሱ መለስ አደረጉ። «አልነገረህም?»

አልነገረውም።

በማግስቱ ሀሰኖ የሚባለው መካኒክ ሞተሩን ፈታው። ከዲሮም ወሬ የሚያመልጠው ሰው አይደለምና ከአጠገቡ ቆሟል። የሞተሩ ክዳን ሲነሳ ውሃ የሚዞርባቸው ቀዳዳዎች ሁሉ በነጭ ነገር ተደፍነዋል፤ ራዲያተሩም ውስጡ ያው ነው። ሀሰኖ በካቻቪቴ ሲፍቀው እንደ ቅርፊት እየተነሳ ወደቀ።

«ኖራ ነው» አለ ሀሰኖ። «ሰው ኖራ ከቶብሃል።»

«አላልኩህም?» አለ ከዲሮ። ከደስታው የተነሳ የሁሴኖን ትከሻ ያዘ። «ያንን እርጥብ እጅጌ አልነገርከኝም? ይኸው እጁ። ለፖሊስ ንገርና ይታሰር።»

ሁሴኖ ከወደቀው ቅርፊት አንዱን አንስቶ በጣቱ ፈጨው። ሽታው የሚያውቀው ነገር መሰለውና ምላሱ ላይ አደረገው። ከዲሮ መርዝ እንዳይሆን ብሎ እጁን ሊይዘው ሞከረ። መርዝ አልነበረም። ሁሴኖ ከብት ሲነዳ ባደገበት ዕድሜ በሆዱ ተኝቶ ከላሞቹ ጋር እኩል የጠጣው ነገር ጣዕም ነው። ሰው የእናቱን ወጥ ቢረሳ ይኼንን አይረሳም።

ሆራ ነው። አሰላ ከተማ ውስጥ ደግሞ ሆራ ያለበት እንስራ የት እንዳለ ያውቃል።

«ምንድን ነው?» አለ ከዲሮ።

«እኔ እንጃ» አለ ሁሴኖና ወጣ።

እናቱን ያገኛት ጓሮ ዳለቻን ስታሻሽ ነው። ስታየው መኳረፋቸውን ረስታ ቀድማ ጠየቀችው። «የት ተውካት? ሌሊቱን ውጭ አደረች። ሆራዋን አስቀምጬላታለሁ።»

«ለማን ነው ያስቀመጥሽው፣ አዮ?»

«ለሷ ነዋ። ለዳለቻ አጠጥቼ ለሷ ልከልክላት? የአንድ ቤት ከብቶች አይደሉም?» ስትናገር ነገሩ ምስጢር እንዳልሆነ ሁሉ እጇን ከላሚቱ ጀርባ አላነሳችም። «ሰው ሲያጠጣት አየሁ። ከቧንቧ የተቀዳ ተራ ውሃ። እንዲያ ዳገት ሙሉ ጭነት ተሸክማ የምትወጣ ፍጥረት በተራ ውሃ ምን ጉልበት ታገኛለች? ሆራው በመጣ ቀን ማታ በበርጩማ ቆሜ ክዳኗን እከፍትና የድርሻዋን አፈስላታለሁ።»

ሁሴኖ አጥሩን ተደገፈ። «ዲሪባ ያውቃል?»

«አንድ ቀን ሳጠጣት ድንገት ደረሰ። ወዲያው ፊቱን አዙሮ ሄደ። አላየሁም ለማለት ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ አንተ ነህ ያላወቅህለት።»

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባው። በገበያው ማግስት ብቻ መኪናዋ ሥር የሚገባበት ምክንያት፣ የሚፈሰው ውሃ፣ እጅጌው፣ አልምልም ያለበት፣ ወደ በሩ የላካት ዓይን። ሰውየው ለመኪናዋ ከሁሉም በላይ ሲደክምላት የኖረ ሰው ነው። ሁሴኖ አፈረ። እንዲህ ያለ ዕፍረት ደርሶበት አያውቅም። እናቱን ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ያንን መንጋ ያሳደገ እጅ ዳለቻ ጀርባ ላይ አየና አፉን መልሶ ዘጋው። ከብቶቿን የሸጠ እሱ፣ ብረቷንም አንቺ ገደልሻት ሊላት ነው?

ሳጉሬ የሄደው በከዲሮ አውቶቡስ ነው። የዲሪባ አባት አውድማ ላይ ገብስ እየተወቃ ነበር። ሀሊሜ ከሩቅ አየችውና መጥታ የአውድማው ዳር ላይ ቆመች። ግባም አላለችው፣ ውጣም አላለችው። ሁሴኖ እዚያው እንደቆመ፣ አባትየውም ሠራተኛውም እየሰማ «ዲሪባን ሌባ ያልኩት በውሸት ነው» አለ። «ሌባ አይደለም። ማሩኝ።» ሀሊሜ ሳትመልስለት ቀና ብላ ወደ ባሏ አየች። ዲሪባ መንሹን ተከለና መጣ። ሁለቱ ከአውድማው ራቅ ብለው ሄዱ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለው ሁሴኖ።

«ማንን ብዬ? የማንን ስም ጠርቼ?»

«ለሀሊሜ ብትነግራት እሷ ትነግረኝ ነበር።»

«ለልጅ እናቷን ልማላት?» ዲሪባ ከእጁ ላይ ገለባ አራገፈ። «ጠዋት ደፍቼ ንጹሕ ውሃ ብሞላባት ይበቃል ብዬ ነበር። ግን ሌሊቱን ሙሉ ከውስጧ ያድራል። ሳይመቸኝ ሳልደፋው የምነሳበትም ቀን ነበር። እንደማይበቃ ኋላ ነው የገባኝ።»

«ሌባ ስልህ እንኳ አልተናገርክም። እሷ እዚያው በር ላይ ቆማ ነበር።»

«ለዚያ ነዋ ያልተናገርኩት።»

ሁሴኖ ዓይኑ እንባ ሞላ። ነፋሱን ምክንያት አድርጎ በጋቢው ጫፍ ጠረገው። «ተመለስልኝ» አለ።

«እመለሳለሁ። ግን ሌባ ያልከኝ እዚህ አውድማ ላይ አይደለም፤ ወለላ ቤት ነው። እዚያው ታነሳዋለህ። እና ደግሞ» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ «የቤቱ ትልቅ ሰው ምንም እንዳይሰሙ።»

«ታዲያ ማን አደረገው ብዬ ልንገራቸው?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ» አለ ዲሪባ።

ሁሴኖ ዐውቆታል። በማግስቱ ጠዋት ወለላ ቤት ገባ፤ ባለመኪኖቹ ሁሉ ነበሩ። ሻይ ሳያዝ ቆመና «መኪናዬን ያበላሻት ዲሪባ አይደለም» አለ። «እኔ ነኝ። ብርቱ ትሆናለች ብዬ ሆራ ሳጠጣት ከርሜያለሁ። እሱ ሲደፋልኝ ነው የኖረው። በሐሰት ነው ስሙን ያጠፋሁት።»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ወለላ ራሷ ማንቆርቆሪያዋን አስቀምጣ ሆዷን ያዘች። አንዱ «ሣርም አስግጣት» አለው፤ ሌላው «መቼ ነው የምትታለበው?» አለው። ጋሽ ሀብተ ማርያም ብቻ አልሳቁም። «ጎሽ» አሉ ቀስ ብለው። ሁሴኖ ጠጋ ብሎ በሳቸው ላይም ያሰበውን ተናዘዘና ይቅርታ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም ሻይ አዘዙለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ሁሴኖ ሆራ ሆነ። ልጆች ሳይቀሩ በዚያ ስም ጠሩት፤ እስኪሸመግልም አልለቀቀውም።

ከዲሮም አልሳቀም። ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ሲያየው ቆየ። የተናገረውን አንዱንም አላመነም።

መኪናዋ ብዙ ቀን ሀሰኖ ዘንድ ተኝታ፣ የተሰነጠቀው ተበይዶ፣ ቅርፊቱ ተፍቆ ግቢዋ ገባች። ሀሊሜም ያን ዕለት የወንድሟን ደጃፍ ረገጠች። ሦስቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ዲሪባ ደግሞ እንደ ልማዱ ጀርባውን ሰጥቶ መኪናዋን ሲወለውል፣ ራቢያ ልጇን ጠጋ አለችው።

«ሰው ሁሴኖ ሆራ ይልሃል አሉ። አንተም ታጠጣት ኖሯል?»

ሁሴኖ መዋሸት አልቻለም፣ እውነቱንም መናገር አልቻለም። «አዎ፣ አዮ» አለ።

«እንዲያ በለኛ!» አለች ራቢያ እጇን ጭኗ ላይ መታ አድርጋ። «እኔም ሳጠጣት፣ አንተም ስታጠጣት፣ ለካስ ለሁለት ሆነን አብዝተንባት ነው። ሆራ ሲበዛ ለላምም አይሆናት፤ ሆዷን ይነፋታል። በል እንግዲህ አንተ ተው። ሥራ አለብህ። እኔ በልኩ አጠጣታለሁ።»

ሁሴኖ ሀሊሜን አየ። ሀሊሜ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ሌላ ዞራለች። ወዲያ መኪናዋ አጠገብ የዲሪባ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅስ ይሁን የሚስቅ ከኋላ አይለይም።

«እሺ፣ አዮ» አለ ሁሴኖ።

የሚቀጥለው ገበያ ቀን ከኦጎልቾ ሆራ መጣ። ራቢያ በበርጩማዋ ቆማ የመኪናዋን ድርሻ ሰጥታ ወደ ቤት እንደገባች፣ ሁሴኖ ሳያሳድር ሄዶ ከመኪናዋ ሥር ተጋደመና የራዲያተሩን ማፍሰሻ ፈታ። ንጋት ላይም ያረፈ ዝቃጭ እንዳይኖር ደግሞ ተጋደመ፤ ዲሪባ ባልዲ ይዞ ቆመለት። ውሃው በሁሴኖ እጅ ወርዶ እጅጌውን እስከ ክርኑ አራሰው። ብርዱ አጥንት ይነካል። ያን ሁሉ ዓርብ ዲሪባ ብቻውን እንዲህ ሲሠራ መኖሩን ሁሴኖ አሰበ።

ጠዋት ወለላ ቤት ሲገባ እጅጌው ገና አልደረቀም ነበር። ከዲሮ እጁን ጨበጠውና አልለቅም አለው። ጎንበስ ብሎ አሸተተ።

«እጅጌህ ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም» አለ ሁሴኖ፤ እጁን ስቦ ጋቢው ውስጥ ከተተ።